ጥያቄና መልስ፦ ከአየርላንድ የመጣችው ቅድመ አያት የት ተወለደች?

(በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። ቅድመ አያቱ ሜሪ ኬሊ በ1880ዎቹ ከአየርላንድ ወጥታ ቦስተን እንደገባችና እዚያው እንዳገባች ቤተሰቡ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ የሚያውቅ የለም። ልጆቼ በእኔ ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ በአባታቸው ወገን ግን እሷ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የአየርላንድን መዝገብ በኢንተርኔት ብፈልግ ማለቂያ የሌለው ሜሪ ኬሊ መጣብኝ። የእኛዋን በምን ልለያት? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አሁን በእጅዎ ባለው መረጃ አይለዩዋትም። የአየርላንዱን መዝገብ ለጊዜው ይዝጉትና ቦስተን ወዳለችበት ግዛት ወደ ማሳቹሴትስ ይመለሱ። አየርላንድ ውስጥ ሰው የሚፈለገው በቦታው ነው፤ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። ቦታ ስንልም ካውንቲውን ማወቅ አይበቃም። 32ቱ ካውንቲዎች በአጥቢያ ይከፈላሉ፣ በሥራቸው ደግሞ እንደ እኛ ጎጥ ያሉ «ታውንላንድ» የሚባሉ ትንንሽ መንደሮች አሉ፤ ቁጥራቸው ከ60,000 በላይ ነው። አጥቢያውን ወይም ታውንላንዱን የሚነግርዎት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ያለው ስደተኛዋ በኖረችበት አገር ነው።

በጋብቻዋ ይጀምሩ። ማሳቹሴትስ ከ1841 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን በግዛት ደረጃ ስትመዘግብ ኖራለች፤ በዚያ ዘመን የጋብቻ መዝገብ ላይ የሙሽሪትም የሙሽራውም ወላጆች ስም ይገኛል። የሞት መዝገቧም ወላጆቿን ይጠቅሳል፣ ነገር ግን ቃሉን የሰጠው ልጇ ወይም ምራቷ ሊሆን ይችላል፤ አያቶቹን በዓይኑ ያላየ ሰው ደግሞ ይገምታል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጋብቻውን ይመኑ፤ እዚያ ላይ የተናገረችው ራሷ ናት።

ካቶሊክ ከነበረች ቤተ ክርስቲያኑ የያዘው የጋብቻ መዝገብ ከመንግሥቱ የተለየ ስለሆነ እሱንም ያውጡ። አንዳንድ ካህናት የመጣችበትን አጥቢያ ጨምረው ጽፈዋል። የምስክሮቹን፣ የልጆቿን የክርስትና አባትና እናት ስም ሁሉ ይቅዱ። ስደቱ በሰንሰለት የሚሄድ ነበር፤ ቀድማ የሄደችው እህት ለተከታይዋ የመርከብ ዋጋ ትልካለች፤ ስለዚህ እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የእህት፣ የአጎት ልጅ ወይም የአገር ሰው ናቸው። የእሷ ወረቀት ቦታውን ካልተናገረ የእነሱ ሊናገር ይችላል። የመቃብር ድንጋይም አይለፉ፤ የዘመኑ ሰዎች የትውልድ አጥቢያን ድንጋይ ላይ ማስቀረጽ ይወዱ ነበር።

ብዙ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን የሚጨርሰው በመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ነው። የ1880ዎቹ ዝርዝር ግን አገሯን «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። መጨረሻ የኖረችበት ቦታ የሚጠየቀው ከ1893 ወዲህ ነው፤ አገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ደግሞ ከ1907 ወዲህ። «ኩዊንስታውን» የሚል ቢያገኙም የትውልድ ቦታዋ አድርገው አይያዙት፤ ዛሬ ኮቭ የምትባለው፣ ኮርክ አጠገብ ያለችው የመሳፈሪያ ወደብ ናት። የዜግነት ማመልከቻም በእሷ ስም አይጠብቁ፤ ያገባች ሴት እስከ 1922 ድረስ ዜግነቷ የባሏን ይከተል ነበር። ወንድም ካላት ግን፣ በተለይ ከሴፕቴምበር 1906 በኋላ ያመለከተ ከሆነ፣ ፋይሉ ላይ የትውልድ ቦታው ይገኛል።

ለቦስተን ሰዎች አንድ የተለየ ሀብት አለ። «ዘ ፓይለት» የተባለው የከተማዋ የካቶሊክ ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ድረስ ዘመድ የጠፋባቸውን አየርላንዳውያን ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የሚፈለገው ሰው ከየትኛው ካውንቲና አጥቢያ፣ አንዳንዴም ከየትኛው ታውንላንድ እንደመጣ ይጽፋል። ቦስተን ኮሌጅ ማስታወቂያዎቹን ሰብስቦ በነፃ የሚፈተሹ አድርጓቸዋል። ሜሪን ባያገኙ እንኳ የባሏን ወይም የምስክሯን ቤተሰብ ስም ይሞክሩ።

የወላጆቿን ስምና ካውንቲውን ከያዙ በኋላ «አይሪሽ ጂኒያሎጂ» ወደተባለው የአየርላንድ መንግሥት ድረ ገጽ ይሂዱ። ከ1864 ጀምሮ ያለው የልደት መዝገብ፣ 100 ዓመት ያለፈው፣ ከነምስሉ በነፃ ይታያል። የማውጫውን ዝርዝር ብቻ አይተው አይወስኑ፤ የእናትየዋ የአባት ቤት ስም ያለው ምስሉ ላይ ነውና አንድ በአንድ ይክፈቱ። የመመዝገቢያ ወረዳው የካውንቲ ድንበር አይጠብቅም፤ ለምሳሌ ባሊናስሎ በጎልዌይም በሮስኮመንም ያሉ መንደሮችን ይዟል። «ኦ'ኬሊ»ንም ይፈልጉ፤ «ኦ» እና «ማክ» እንዳመቸ ይጣሉም ይመለሱም ነበር። በአሜሪካ ወረቀት ላይ «ኪንግስ ካውንቲ» ካዩ የዛሬው ኦፋሊ ነው፣ «ኩዊንስ ካውንቲ» ደግሞ ሊሽ።

ጥያቄ፦ ያገኘኋት ልጅ በመንግሥት መዝገብ የተወለደችው ማርች 20 ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ግን ማርች 2 ክርስትና ተነስታለች። ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ወላጆቹ አንድ ከሆኑ ልጅቱም አንድ ናት። ልደትን በጊዜው ያላስመዘገበ ሰው ይቀጣ ስለነበር፣ የዘገዩ ወላጆች የልደቱን ቀን ወደፊት ይገፉታል። ካህኑ የጻፈውን ይመኑ፤ ካቶሊኮች ሕፃኑን ያስጠምቁ የነበረው በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

የካቶሊክ መዝገቦቹን ምስል የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ በነፃ አቅርቧል፤ አብዛኛው እስከ 1880 አካባቢ ያለውን ይሸፍናል። ብዙው በላቲን ነው፦ «ያኮቡስ» ጄምስ ነው፣ «ጉሊየልሙስ» ዊሊያም፣ «ብሪጊዳ» ብሪጅት። ያቺው ብሪጅት አሜሪካ ስትደርስ ዲሊያ ተብላ ልትገኝ ትችላለች። ስለ ዕድሜ አይጨነቁ፤ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት መሳሳት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ የአየርላንድ መዝገብ ሁሉ ተቃጥሏል ይባላል። ታዲያ ምን ፍለጋ ነው የምንደክመው?

መልስ፦ ሁሉ አልተቃጠለም። ጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ደብሊን በሚገኘው ፎር ኮርትስ ውስጥ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል፣ ኑዛዜዎችና ከአንግሊካን አጥቢያዎች መዝገብ ብዙው ያን ቀን ጠፋ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉት ቆጠራዎች ግን የጠፉት በእሳት አይደለም፤ ያስወገዳቸው ራሱ መንግሥት ነው። የካቶሊክ መዝገቦች በየአጥቢያቸው ስለነበሩ፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችም ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተርፈዋል። የ1901ና የ1911 ቆጠራዎችም ሙሉ ናቸው፤ አገር ቤት የቀሩትን ወንድሞችና እህቶች እዚያ ይፈልጉ።

በጠፋው ቆጠራ ፋንታ የምንጠቀመው በ1847 እና በ1864 መካከል የታተመውን የግሪፊዝ የመሬትና የቤት ግምት ነው። ባለይዞታውን፣ አከራዩን፣ የመሬቱን ስፋትና ታውንላንዱን ይዘረዝራል። የሚጽፈው ግን አባወራውን ብቻ ስለሆነ ልጅ፣ ሚስት ወይም ደባል ስላላገኙ አልነበሩም አይበሉ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞች እየዞሩ ያረሙባቸው መዝገቦች ከግምቱ ራሱ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የአሮጌው ባለይዞታ ስም ተሰርዞ አዲሱ ይጻፋል፣ ለየዓመቱ በተለያየ ቀለም። ስሙ የተሰረዘበት ዓመት ባለቤቱ የሞተበት ወይም የተሰደደበት ጊዜ አካባቢ ነው። የአየርላንድ ሪፐብሊክ ካውንቲዎች መዝገቦች ደብሊን ናቸው፤ የስድስቱ የሰሜን አየርላንድ ካውንቲዎች ቤልፋስት ባለው የሕዝብ መዝገብ ቤት፣ በድረ ገጹም በነፃ ይገኛሉ።

ከእሳቱ ያመለጠ ሌላም ነገር አለ። ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ሰው ጡረታ መከፈል ሲጀምር፣ ከ1864 በፊት የተወለዱት የልደት ወረቀት ስላልነበራቸው ዕድሜያቸው ከ1841ና ከ1851 ቆጠራ እንዲጣራላቸው ያመለክቱ ነበር። ቆጠራዎቹ ቢቃጠሉም የእነዚያ ማመልከቻዎች ቅጾች ተርፈው በብሔራዊ መዝገብ ቤቱ ድረ ገጽ ይታያሉ። አመልካቹ የወላጆቹን ስምና በሕፃንነቱ የኖረበትን ታውንላንድ የሚጽፍበት ስለሆነ፣ አገር ቤት የቀረ ታላቅ ወንድም ካለ መፈለግ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቱን ካገኘን ባለቤቴ የአየርላንድ ፓስፖርት ያገኛል?

መልስ፦ አያት አየርላንድ ደሴት ላይ የተወለደች ከሆነ በውጭ አገር ልደቶች መዝገብ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይቻላል። በቅድመ አያት የሚቻለው ግን የባለቤትዎ አባት ወይም እናት ልጃቸው ከመወለዱ በፊት በዚያ መዝገብ ተመዝግበው ከሆነ ብቻ ነው። አሁን ቢመዘገቡ ለእሱ አይተርፍም። ለዚህ ብላችሁ ከሆነ የዋና ወረቀት ቅጂ ለማውጣት ከመክፈላችሁ በፊት አማቶችዎን ይጠይቁ።