ሞተሬ አልነሳ አለኝ! ሞተር ሳይክልን በቤት ስለመጠገን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ላካችሁ፣ ያውም በገፍ! አብዛኛው ጥያቄ ስለ ቦክሰር፣ ስለ ቲቪኤስና ስለ ቻይና 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ነው። መልሴም በዚያው ልክ ነው። ትልልቅ ሞተር ያላችሁ ለዛሬ ታገሡኝ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክረምት ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሬ አልነሳ ይላል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ግን አይቀበልም። መካኒኩ «ካርቡራተር ቀይር» አለኝ። ልቀይር? (ደብረ ብርሃን)

ኧረ ቆይ ወንድሜ! ካርቡራተር ማለት ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ገንዘብህን ለጊዜው ከኪስህ አታውጣ።

መጀመሪያ የሚያስቁትን ነገሮች እይ። ቀኝ እጀታው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ልጆች ነክተውት ይሆናል። የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ፣ ወይም ነዳጁ አልቆ ወደ ሪዘርቭ መዞር ነበረበት ይሆናል። ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው ያለኸው። በዚያ ብርድ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን ማንሻ) ሳትስብ ይነሳል ብለህ አትጠብቅ።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታው። ከመፍታትህ በፊት ግን ዙሪያውን ያለውን አቧራና ጭቃ በብሩሽ ጥረግ፤ አለዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አሁን ጫፉን እየው። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ነዳጅ ደርሷል። ስለዚህ ወይ እሳት የለም፣ ወይ ቤንዚን በዝቶ አንቆታል። ደረቅ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ እዚያ አልደረሰም። ምን ላይ ማተኮር እንዳለብህ በዚህች ብቻ አወቅህ።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ገመዱ ጫፍ ላይ ወዳለው ኮፍያ መልሰህ ሰካው። የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካውና ኮፍያውን በላስቲክ በኩል ይዘህ ኪኩን ምታ። ካንዴላውን ከወጣበት ቀዳዳ ራቅ አድርገው፤ ከዚያ የሚተነው ቤንዚን በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ጥላ ቦታ ሆነህ ተመልከት። ሰማያዊና ወፈር ያለ ብልጭታ ከ«ጠጭ ጠጭ» ድምፅ ጋር ካየህ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫና ቀጫጫ ከሆነ ደካማ ነው። ጭራሽ ከሌለ በአዲስ ካንዴላ ድገመው፤ ካንዴላ ርካሽ ነው። ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኮፍያው ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ነቅለህ በጨርቅ አድርቀው።

ካንዴላው ደረቅ ከነበረ ወደ ካርቡራተሩ ውረድ። ከሥሩ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። በሚያሳይ ጠርሙስ ከሥር ደግነህ ብሎኗን ላላ አድርጋት። ምንም ካልፈሰሰ ነዳጁ ከላይ ተዘግቷል፤ መዝጊያውን፣ ቱቦውንና የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ፈትሽ። ከፈሰሰ የቀዳኸውን አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይቀራል፣ መሃላቸው ያለው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክረምት ላይ «ካርቡራተር ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ይኸው ውሃ ነው። አፍስሰህ ዝጋውና አስነሳ። ንጹህ ቤንዚን ወርዶም እንቢ ካለ ካርቡራተሩን ማጽዳት ይመጣል። መቀየር ከማጽዳት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ማደያ ሩቅ ስለሆነ በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምንቀዳው። ነጭ ጋዝ ይቀላቅሉበታል ይባላል። እንዴት አውቃለሁ? (ከጅማ አካባቢ)

ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣልበት። ከእሳትና ከሲጋራ ራቅ ብለህ ግን! ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱ እንደ ነበረ ይሆናል። ጋዝ ወይም ናፍታ የተቀላቀለበት ግን ቅባታም ጥላ ይተዋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሌላ አማራጭ ከሌለህ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ አሳርፈህ፣ በወንፊት አድርገህ ቅዳ፤ ከሥር የቀረችውን ጣት ያህል አትጠቀምባት። ይህ ውሃና ደለሉን እንጂ ጋዙን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዕቃ አመላልሳለሁ። የሞተር ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር? ለመኪና የሚሆነውን ዘይት ብጠቀምስ? ይቀንሳል ዋጋው።

የመኪናውን ተወው። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ለመኪና የሚሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ማንሸራተቻ ይጨመርባቸዋል። ያ ነገር የፍሪሲዮን ሸራህ ላይ ሲደርስ ሞተሩ እየጮኸ ሞተር ሳይክሉ አይሄድም። በተለይ ዳገት ላይ ታየዋለህ። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» (JASO MA2) የሚለውን ፈልግ፤ ዘይቱ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ምልክት ነው። ውፍረቱን የመመሪያ መጽሐፍህ ይነግርሃል፤ ለቦክሰርና ለመሳሰሉት የተለመደው 20ደብልዩ50 ነው።

ስለ ጊዜው፣ መጽሐፉ የሚለው ረዘም ያለ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ መብራት ላይ እየቆምክ ነው የምትሠራው። ቆመህ ሞተሩ ሲሠራ ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ይበስላል። እኔ አንተን ብሆን ከ2,000 አላሳልፍም። በየሳምንቱ ደግሞ መጠኑን እይ። ሞተር ሳይክሉን በጎን ማቆሚያው ዘንበል አድርገህ ሳይሆን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ነው የሚለካው።

ስትቀይር ሞተሩን ትንሽ አሙቀው፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የማፍሰሻውን ብሎን ስትመልስ ግን ጉልበትህን ቤት ትተኸው ና። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው። ጥርሱ ከተላጨ ለአንድ ሊትር ዘይት ብለህ የጀመርከው ሥራ ቶርኖ ቤት ያደርስሃል። የተቃጠለውን ዘይት በጄሪካን አጠራቅመው። ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው።

ጥያቄ፦ ካቴናዬ ይንጫጫል፣ ማርሽ ስቀይርም ይመታኛል። የተቃጠለ ዘይት እየቀባሁት ነው። (ሐዋሳ)

የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ካቴናውን ይሞርደዋል። ተወው።

መጀመሪያ ልልነቱን ለካ። ከታች በኩል፣ በሁለቱ ጥርሶች (ካቴናው በሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሳም ክቦች) መሃል፣ በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ። ያንተን ከመጽሐፉ አረጋግጥ። ጎማውን እያዞርክ ሦስት አራት ቦታ ላይ ለካ፤ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ካቴናው ወጥ ሆኖ አላረጀም፣ ማለቁ ነው። ስታጠብቅ በግራና በቀኝ ያሉትን ምልክቶች እኩል አድርግ፤ አለዚያ ጎማው ይጣመማል። በጣም ማጥበቅም ጥሩ አይደለም። ሁለት ሰው ሲጫን የኋላው ወርዶ ካቴናው ይወጠራል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

ለማጽዳት ነጭ ጋዝና የቆየ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ቤንዚን አይሁን። ካደረቅከው በኋላ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በውስጥ በኩል ጠብ ጠብ አድርግ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረግ። ጎማውን በእጅህ አዙረው። *ሞተር አስነስተህ ማርሽ አስገብተህ ካቴና አትጥረግ!* ጨርቁን ሲስበው ጣትህን አብሮ ነው የሚወስደው። ይህን የሚያደርጉ ጎበዝ መካኒኮች አይቻለሁ፤ የጣታቸውን ቁጥር ግን አልጠይቅም።

ካቴናውን ፈትተህ ከሆነ፣ የማያያዣው ቅንጥብ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በተቃራኒው ከገባ መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። የጥርሶቹ ጫፍ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ደግሞ ካቴና ብቻ መቀየር ብር ማቃጠል ነው። ካቴናውንና ሁለቱን ጥርሶች፣ ሦስቱን አንድ ላይ ቀይር።

ጥያቄ፦ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ገጠር ቀበሌ እመላለሳለሁ። አቧራው አይጣል ነው። መካኒክ «ፊልትሮውን አውጪው፣ በደንብ ይተነፍሳል» ብሎኛል። እውነት ነው? (ከባሕር ዳር አካባቢ)

እህቴ፣ በፍጹም! ያ አቧራ ፊልትሮ ካላስቀረው ፒስቶኑና ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) መሃል ነው የሚገባው። በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ሞተርሽ መጨስ ለመጀመር ጊዜ አይፈጅበትም።

ይልቅ ከፍተሽ እዪው። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ወይም በሞቀ የሳሙና ውሃ እጠቢው፣ ጨምቂው። እንደ ልብስ አትጠምዝዢው፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ሲደርቅ ጥቂት የሞተር ዘይት አጠጪና ትርፉን ጨምቀሽ አውጪ፤ አቧራ የሚይዘው ያ ዘይት ነው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም። ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብለሽ አራግፊው፣ ከጠቆረ ቀይሪው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ማየት አይበዛበትም። ስትመልሺው ዙሪያው በደንብ መቀመጡን እዪ። በጎን የሚሾልክ አየር ካለ ፊልትሮ እንደሌለ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ደህና የነበረው ሞተር ድሬዳዋ ስወስደው ጠባዩ ተለወጠ። ምን ነካው?

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው እንደ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሰው ይህን አይቶ ለደጋው ያስተካክለዋል፣ ቤንዚኑን ያሳንሳል። ከዚያ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል።

ካንዴላውን እየው። ጫፉ የተቆላ ቡና ሳይሆን የገብስ ቆሎ ቀለም ካለው ደህና ነው። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሷል፤ የካርቡራተሩ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ብሎን) ተቀይሮ እንደነበር ጠይቅና ፋብሪካው ወደሰጠው ቁጥር መልሰው። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚሠራበት ፍጥነት) ብቻ ከሆነ የተዛባው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚኒሞውን ብሎን በትንሽ በትንሹ አስተካክል። ከመንካትህ በፊት ግን ስንት ዙር ላይ እንደነበረ ቁጠርና ጻፍ።

ጥያቄ፦ በየጊዜው ባትሪ እገዛለሁ። (ብዙዎች)

ባትሪ መግዛት አቁሙና ቴስተር ግዙ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካረፈ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አስነስታችሁ ነዳጅ ከፍ ስታደርጉ 14 አካባቢ መውጣት አለበት። ካልወጣ ባትሪው አይደለም ችግሩ፣ የሚሞላው መስመር ነው፦ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው)፣ ጥቅሉ (ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው)፣ ወይም የላላ ሶኬት። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ውሃ የሚሞላ ባትሪ ከሆነ የሚጨመርበት የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም አሲድም አይሆንም። ሦስት ትርፍ መብራትና ስፒከር ያሰራችሁ ደግሞ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሞተሬ ጠዋት ሲነሳ ይጨሳል። ፋሻ ይቀየር አሉኝ፣ ብሩ ብዙ ነው። (ጎንደር)

አባቴ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ነጭ ሆኖ ሲሞቅ ከጠፋ ማርሚታው ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው፣ አያሳስብዎ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ፊልትሮውን አስቀድመው ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሰማያዊውም ይለያያል። ሲነሳ ብቻ ፏ ብሎ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቩ ጉሚኒ ነው፣ እሱም ከፋሻ ይረክሳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ሁሉ የሚጨስ ከሆነ ግን ፋሻው እውነት ነው። ይህን ቤት ውስጥ አይክፈቱት። የሲሊንደር ልኬት መሣሪያ ላለው ይስጡት፣ ሳያስለኩ ግን እሺ አይበሉ።

ጥያቄ፦ የኋላ ፍሬኔን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ከበሮ ፍሬን ከሆነ አዎ። ከኋላ ያለችውን ዳዶ እያጠበቅህ ጎማውን በእጅ አዙር፤ መሻሸት ሲጀምር ትንሽ መልስ። ፔዳሉ ሁለት ሦስት ሳንቲም ሜትር ያህል ባዶ መሄድ አለበት። ክንዱ ላይ ያለችው የማለቂያ ምልክት መጨረሻ ከደረሰች ማጥበቁን ትተህ ሸራ ቀይር። ከፍተህ ያገኘኸውን አቧራ በአፍህ እፍ አትበለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም። የፊቱ ዲስክ ከሆነና እጀታው ስፖንጅ ስፖንጅ ካለህ አየር ገብቶበታል። አየር ማውጣት ከባድ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሆኖ ያሳይህ። ማንኛውንም ፍሬን ከነካህ በኋላ ግቢ ውስጥ ቀስ ብለህ ሞክር፣ ከዚያ አስፋልት ውጣ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ኦርጅናል ነው ብለው ሸጡልኝ፣ በወሩ አለቀ።

ማሸጊያውን አትመን፣ ማሸጊያም ይሠራል። አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አድርገህ አወዳድር፦ ክብደቱን፣ የብሎን ቀዳዳውን፣ የተጻፈበትን ቁጥር። ኩሽኔታ ከሆነ ጣትህ ላይ አዙረው፤ ካንገራገረ ተወው። ካንዴላ፣ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ላይ አትሰስት። መስታወት፣ ፍሬቻና ጭቃ መከላከያ ኮፒ ቢሆኑም አይገድሉህም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ወር አገር ቤት ልሄድ ነው። ሞተሩን እንዴት ላስቀምጠው?

የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን በማፍሰሻዋ ብሎን አውጣው። ታንኩን ሙላው፤ ባዶ ታንክ ከውስጥ ይዝጋል። ባትሪውን ነቅለህ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አኑር። ሲነቀል ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲገጠም ደግሞ የመጨረሻው እሱ ነው። ካቴናውን ዘይት ቀባው፣ በትልቁ ማቆሚያ አቁመው፣ ሸራ አልብሰው። ላስቲክ አታልብሰው፣ ያልበዋል። ቁልፉን ለጎረቤት ልጅ አትስጥ።