ክኒኑ በወጉ ሳይሞከር ወደ መርፌና ወደ ቀዶ ሕክምና አይሂዱ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ዕድሜዎ 47 እንደሆነ፣ የስኳር በሽታ ካለብዎ ዓመታት እንደተቆጠሩ፣ ብልትዎ እንደ ቀድሞው መቆም ካቃተው አንድ ዓመት ገደማ እንደሆነው፣ ጓደኛዎ የሰጡዎትን ባለ 25 ሚሊግራም ሲልደናፊል (በቪያግራ ስም የሚታወቀውን ክኒን) ሁለት ጊዜ ከእራት በኋላ ወስደው ለውጥ እንዳላዩ፣ ለሐኪምዎም ለባለቤትዎም ለመናገር እንዳፈሩ ጽፈው፣ «አሁን የቀረኝ መርፌ ነው ወይስ ኦፕራሲዮን? ከዕፅዋት የተሠራ ነው የሚባለውን ዱቄትስ ልሞክረው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን እንደ እርስዎ ከስኳር ጋር የምኖር፣ በስንፈተ ወሲብ ምክንያት ለዓመታት ሐኪም ዘንድ የተመላለስኩ፣ ክኒኑንም ፓምፑንም መርፌውንም በየተራ የተጠቀምኩ ሰው ነኝ፤ የምነግርዎትም ሐኪሞች ካስረዱኝና በራሴ ላይ ካየሁት ነው።

ከክኒኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም እንደተረዳሁት ክኒኑ ገና በወጉ አልተሞከረም። ሲልደናፊል በብዛት የሚጀመረው በ50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ወደ 25 ዝቅ ወይም ወደ 100 ከፍ ያደርገዋል። ስኳር ነርቭንም የደም ሥርንም ስለሚጎዳ፣ እንደ እኛ ያለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል፤ በ25 ሚሊግራም ውጤት ማጣትዎ ስለዚህ አያስገርምም። በዚያ ላይ ቅባት የበዛበት ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ያዘገየዋል፣ ኃይሉንም ይቀንሰዋል። ሆድ ቀለል ባለበት ሰዓት፣ ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ይሻላል። ሐኪሞች አንድን ክኒን «አልሠራም» የሚሉት በሚፈቀደው ከፍተኛ መጠንና በትክክለኛ አወሳሰድ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ያህል ተሞክሮ ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ሐኪሜ እስኪያስረዱኝ ድረስ ያልገባኝ ነገር፣ ክኒኑ ብቻውን ብልትን የማያቆም መሆኑ ነው። ስሜት ሲነሣሣ በብልት ውስጥ ካሉ የነርቭ ጫፎችና ከደም ሥሮች ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይመነጫል፤ ይህም ሳይክሊክ ጂ ኤም ፒ የተባለ ንጥረ ነገር እንዲበዛ በማድረግ የብልትን ለስላሳ ጡንቻዎች ያላላል፣ ደምም እየሞላ ብልቱ ይቆማል። ይህን ንጥረ ነገር የሚያፈርስ ፒ ዲ ኢ 5 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የክኒኑ ሥራ ይህን አፍራሽ ማገድ ብቻ ነው። የሚፈርስ ነገር መጀመሪያ ካልተፈጠረ ማገጃው ምን ይሠራል? ስለዚህ ክኒኑን ውጦ ሰዓት እየቆጠሩ «እስኪ ይቆም እንደሆን» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። መነካካት፣ መቀራረብና ፍላጎት የግድ ያስፈልጋሉ። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ ሲልደናፊል በመጀመሪያ የተጠናው ለልብ የደም ሥር ሕመም ነበር፤ ለስንፈተ ወሲብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ፉርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የተባሉት ሳይንቲስቶች ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ሚና በማግኘታቸው የኖቤልን የሕክምና ሽልማት የወሰዱት በዚያው ዓመት ነው።

ሲልደናፊል በትክክል ተወስዶም ካልተስማማዎት፣ ከዚያው ወገን ሌሎች አሉ። ቫርደናፊል ከሲልደናፊል ብዙም አይርቅም፤ አቫናፊል ፈጠን ብሎ ይጀምራል። እኔ የረጋሁት በታዳላፊል ነው። ምግብ አያውከውም፣ ኃይሉም እስከ 36 ሰዓት ይቆያል፤ ይህ ማለት ግን ብልቱ 36 ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይውላል ማለት ሳይሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስሜት ከመጣ ይረዳል ማለት ነው። በየቀኑ በ5 ሚሊግራም የሚወሰድበትም መንገድ አለ፤ ፕሮስቴታቸው አድጎ ሽንት ለሚያስቸግራቸው ሰዎችም ይኸው መጠን ይጠቅማል። በበኩሌ የዕለቱን የመረጥኩት ከሰዓት ቆጠራ ስለገላገለኝ ነው፤ መቼ ልዋጠው፣ መቼ ያልቃል የሚለው ጭንቀት ራሱ ስሜት ገዳይ ነበር።

የጎንዮሽ ጉዳታቸውን በተመለከተ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ የአፍንጫ መዘጋትና ቃር የተለመዱ ናቸው። ሲልደናፊል አንዳንድ ጊዜ ነገሮችን ወደ ሰማያዊ ያዘነበሉ አስመስሎ ያሳያል፤ ታዳላፊል ደግሞ ወገብና ጡንቻ ያሳምማል፤ እኔንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወገቤን ይዞኝ ነበር፣ ኋላ ግን ለቀቀኝ። እይታ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ክኒኑን ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ለአንዳንድ ሰው የሞት አደጋ አለው። ለደረት ሕመም ተብሎ ናይትሮግሊሰሪን፣ አይሶሶርባይድ ወይም ሌላ የናይትሬት ወገን የሆነ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ክኒኖች ጨርሶ መንካት የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ያሽቆለቁላል። ስለዚህም ክኒኑን ወስዶ ደረቱን የታመመ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ የወሰደውን ሳይደብቅ ለሐኪሞቹ መናገር አለበት። ለፕሮስቴት የሚሰጡት እንደ ታምሱሎሲን ያሉ መድኃኒቶችም ግፊትን ሊያወርዱ ስለሚችሉ አብረው የሚወሰዱት በሐኪም ምክር ብቻ ነው።

ዱቄቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይንኩት። የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት «ተፈጥሯዊ» እየተባሉ የሚሸጡ የወሲብ ማጠናከሪያዎችን ሲመረምሩ በብዙዎቹ ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም መሰሉን ደጋግመው አግኝተዋል። በሌላ አነጋገር የሚሠራ ከሆነ የሚሠራው ዕፅዋቱ ሳይሆን የተደበቀው መድኃኒት ነው፤ መጠኑም አይታወቅም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎት ግን ለክኒን ማዘዣ ብቻ አይደለም። ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የልብ ቧንቧዎች ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ የደም ሥርን ማጥበብ ሲጀምሩ ጠባቡ ቀድሞ ቢዘጋ አያስደንቅም፤ ለዚህም ነው ስንፈተ ወሲብ በብዙ ወንዶች ላይ ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ የሚታየው። እኔን ሐኪሜ በመጀመሪያው ቀን ስለ ወሲብ ብዙም ሳይጠይቁኝ የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ምርመራ፣ የኮሌስትሮልና ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን የጠዋት ምርመራ አዘዙልኝ፤ ግፊቴን ለኩ፤ ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይይዘኝ እንደሆነም ጠየቁ። ስለ ጉዳዩ በቀጥታ ያነሡት አንድ ጥያቄ «ጠዋት ሲነቁ ይቆማል?» የሚል ነበር። ጤነኛ ወንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ብልቱ ደጋግሞ ይቆማል፤ በእንቅልፍና በማለዳ በደንብ እየቆመ በግንኙነት ጊዜ ብቻ የሚከዳ ከሆነ ጥፋቱ ከደም ሥር ይልቅ ወደ ጭንቀት፣ ወደ ድብርት ወይም ወደ ትዳር ግጭት ያመለክታል፤ እንዲህ ሲሆን የሥነ ልቦና ምክር ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ሁለቱ ተደራርበው የሚገኙበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ አንዴ የከዳው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ፈርቶ ይገባልና።

ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች መካከልም ችግሩን የሚያባብስ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሽንት የሚያበዙትና ቤታ ብሎከር ከሚባሉት የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች የቆዩት ዓይነቶች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች በዚህ ይታወቃሉ። በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ሊቀይርልዎት ይችላል። ቴስቶስትሮንም ቢሆን በሁለት የተለያዩ ማለዳዎች ተለክቶ ዝቅተኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። በአብዛኛው የሚያነቃቃው ፍላጎትን ነው፤ የወንድ ዘር (ስፐርም) ምርትን ስለሚያዳክም ልጅ መውለድ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ክኒን የማይስማማው ሰው ቀጣይ አማራጮቹ ፓምፕና መርፌ ናቸው። የቫኩም ፓምፕ ሰዎች የሚያላግጡበትን ያህል ከንቱ አይደለም። ብልትን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ አየሩን በመሳብ ደም እንዲሞላ ያደርጋል፤ ከዚያ ከሥሩ የጎማ ቀለበት ይጠለቃል። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ብልቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፣ ከቀለበቱ በታች ስለሚወዛወዝ እንግዳ ስሜት ይሰጣል፣ ዘር በሚፈስስበት ጊዜም ያስቸግራል። ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭ ነገር ስለሌለው ግን ልቡን ለሚታመም ሰው መልካም ምርጫ ነው፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ብቻ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ባለቤቴ ፓምፑን ባትወደውም ከመርፌው የተሻለ ሆኖ ያገኙት ባልና ሚስት አውቃለሁ።

መርፌውን ሰው ስሙን ሲሰማ ይሸሻል፤ እኔ ግን ኢንሱሊን ለለመደ ሰው ያን ያህል የሚያስፈራ ሆኖ አላገኘሁትም። መርፌዋ ቀጭንና አጭር ናት። የሚወጋው ከብልቱ ጎን ነው፤ ከላይ ነርቭና ደም ሥር፣ ከታች የሽንት ቧንቧ ስላለ ሁለቱ ይታለፋሉ። ግራና ቀኙን ማፈራረቅ፣ ከወጉ በኋላም ቦታውን ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። አልፕሮስታዲል የተባለው መድኃኒት ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያቆማል፤ ነርቭ የተጎዳበትን ሰው እንኳ ሳይቀር ይረዳል፣ ምክንያቱም እንደ ክኒኑ የነርቭን ምልክት አይጠብቅም። በእኔ ላይ መጠነኛ የማመም ስሜት ነበረው። የመጀመሪያው መርፌ የግድ በክሊኒክ መሰጠት አለበት፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነውና። በሳምንት ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ ሳይታፈር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ቢዘገይ የብልቱ ሕብረ ሕዋስ ለዘለቄታው ይጎዳል። ይህ ማስጠንቀቂያ ክኒን ለወሰደም ሰው ይሠራል።

ቀዶ ሕክምናው የመጨረሻው በር ነው። በብልት ውስጥ ሁለት ዘንጎች ይተከላሉ፤ አንዱ ዓይነት በእጅ የሚታጠፍ ሲሆን፣ ሌላው በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ መጭመቂያ ፈሳሽ እየተገፋ የሚሞላ ነው። ይህ የሚሞላው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ሕክምና ነው፤ ተገቢ ሆኖ ለተገኘባቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ እርካታ ይሰጣል። ስሜትንና የዘር መፍሰስን አይከለክልም፤ ርዝመት ግን አይጨምርም። አንዴ ከተደረገ ተመልሶ በክኒን መቆም አይቻልም፤ ኢንፌክሽን ስለሚያሰጋም ሐኪሙ ስኳርዎ ሳይስተካከል እሺ አይልም። በ47 ዓመትዎ፣ ሁለት ባለ 25 ሚሊግራም ክኒን ብቻ ሞክረው ወደዚህ መሄድ ለእኔ አይታየኝም። የድምፅ ሞገድ ሕክምናና ከራስ ደም የሚዘጋጀው መርፌ ደግሞ በየማስታወቂያው ቢወደሱም ገና በጥናት ላይ ያሉ ናቸው።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ እንቅስቃሴም ያድርጉ። በጣሊያን አገር ከልክ በላይ በወፈሩ ወንዶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ አመጋገባቸውን ካስተካከሉትና እንቅስቃሴ ከጨመሩት መካከል ሲሶ ያህሉ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ወደ ጤናማ ደረጃ መመለሳቸውን አሳይቷል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ክኒኑም የበለጠ እንዲረዳ ያደርጋል።

ስለ ማፈርዎ ደግሞ፦ በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት በተደረገው ታዋቂ ጥናት ከ40 እስከ 70 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 52 በመቶው በተለያየ ደረጃ ይህ ችግር ነበረባቸው፤ ሐኪምዎ በየሳምንቱ የሚሰሙት ጉዳይ ነው። «ብልቴ እንደ ቀድሞው አይቆምም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረውን እሳቸው ይጠይቃሉ። ለባለቤትዎም ሳይዘገዩ ይንገሯቸው፤ ሚስት የባሏን መሸሽ ሕመም ነው ብላ ሳይሆን ጠላኝ ወይም ሌላ ሴት ያዘ ብላ ነው የምትተረጉመው። የእኔዋ ቀጠሮ ላይ አብራኝ ገብታ እኔ ልጠይቅ ያልደፈርኩትን ጠይቃ ወጥታለች። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በወረቀት ጽፈው፣ ጓደኛዎ የሰጡዎትን ክኒን ማሸጊያም ይዘው ይቅረቡ።