የምትዞር ግን አምፖል የማታበራ ሞተር፦ ለወጣት ሠሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ትንሿ የእንፋሎት ሞተሬ በደንብ ትዞራለች። ዲናሞው ላይ የባትሪ መብራት አምፖል ሳገናኝ ግን ቀጥ ትላለች። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

ልጄ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ጥያቄሽ ግን የቆየ ቁጭት ቀስቅሶብኛል።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበች ሞተር ነበረች። የሲሊንደሯ ውስጥ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኗ ምት (ወዲያ ወዲህ የሚመላለስበት ርቀት) 16 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ራሱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የእንፋሎቱን መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላ ቫልቭ አልነበራትም። በዚህ ዓይነቷ ሞተር ሁሉም ነገር ያለው ሲሊንደሩና ማቆሚያው በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። ሠሪው ልጅ ሁለቱን ገጾች በመስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ አስተካክሏቸው ስለነበር ጠብ የሚል እንፋሎት አልነበረም። ፍላይዊሉን (ከባዱን መዞሪያ ጎማ) በጣት ገፋ ሲያደርጉት ብቻውን ረጅም ጊዜ ይዞራል። እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት ሲሞከር አምፖሉ ሲገናኝ ሞተሯ ቆመች። በኤግዚቢሽኑ ቀን ግን አምፖሉ በራ፤ ከጣውላው ሥር ባትሪ ተደብቆ ነበርና። ተጨበጨበ። በጠረጴዛው ዙሪያ ከቆመው ሰው አንድም ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያነሳ አልነበረም። የሚቆጨኝ ባትሪው ብቻ አይደለም፤ ሞተሯ በእርግጥ ኤሌክትሪክ ታመነጭ ነበር። ያላመነጨችው ከእሷ የተጠየቀውን ያህል ነው።

እስቲ እንቁጠረው። የዚያ ፒስተን ገጽ 78 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ባር ግፊት 8 ኒውተን አካባቢ ይገፋል፤ 800 ግራም ዕቃ በእጅ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ማለት ነው። ግፊቱ በምቱ ሁሉ እኩል ስለማይቆይ አማካዩን 0.6 ባር እንበል። በአንድ ዙር 0.075 ጁል ይሠራል። በደቂቃ 1,000 ዙር ከሆነ 1.25 ዋት ነው። ግማሹን ሰበቃ ይበላዋል። ከቀረው 0.6 ዋት ደግሞ እንደ ዲናሞ የምንጠቀምበት ትንሽ ሞተር ግማሹን ያስቀራል። ሽቦው ላይ የሚደርሰው 0.3 ዋት ነው። አምፖሉ በ2.5 ቮልት 0.3 አምፔር፣ ማለትም 0.75 ዋት ይፈልጋል። ይባስ ብሎ የአምፖሉ ክር ሳይሞቅ ተቃውሞው ከሞቀው በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ ገና ሲገናኝ ሁለቱን ሽቦ አጋጥሞ እንደመያዝ ነው። ሞተሯ የቆመችው ለዚህ ነው። ነጭ ኤልኢዲ (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበቃው ትንሽ መብራት) ግን 3 ቮልት በ20 ሚሊ አምፔር፣ 0.06 ዋት ብቻ ይበቃዋል። ያቺ ሞተር ያለ ምንም ባትሪ ታበራው ነበር።

አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። የዲናሞውን ዘንግ በጣታችሁ አዙሩት፤ ቀላል ነው። ሁለቱን ሽቦ አገናኝታችሁ ደግማችሁ አዙሩት፤ ይከብዳል። ያ ክብደት ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። ከዲናሞው የተቀዳችው ዋት ሁሉ ከፒስተኑ ጉልበት የምትቀነስ ናት።

ዲናሞ ስትመርጡ የምትፈልጉት በዝግታ እየዞረ ብዙ ቮልት የሚሰጥ ነው። የልጆች መጫወቻ መኪና ሞተር በ3 ቮልት በደቂቃ 10,000 ዙር የሚዞር ከሆነ፣ በ1,000 ዙር የሚመልስላችሁ 0.3 ቮልት ነው፤ ኤልኢዲ ንቅንቅ አይልለትም። ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣ፣ በ24 ቮልት 5,000 ዙር የሚዞር የዲሲ ሞተር ግን በ1,000 ዙር 4 ቮልት ያልፋል። ፍላይዊሉ 60 ሚሊ ሜትር፣ የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ግን በዚያው ልክ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ፑሊውን እያሳነሱ ቮልት ማሳደድ መጨረሻው ሞተሩን ማቆም ነው። ቺንጋውን አታጥብቁት፤ ሳይንሸራተት የሚይዝ ክብ የጎማ ቀለበት በቂ ነው። ከኤልኢዲው ጋር የ100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ዕቃ) በተከታታይ አግቡ፤ ካልበራ ደግሞ ሽቦውን አገላብጡት።

እናንተ ውጤቱን ቶሎ ማየት ትወዳላችሁ። አምፖል በራ፣ ቪዲዮ ተቀረጸ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ አምፖሉን አንሡትና በቦታው 22፣ 47፣ 100 ኦም ሬዚስተሮችን ተራ በተራ አስገቡ እላለሁ። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለኦሙ አካፍሉ። በ47 ኦም ላይ 3 ቮልት ካነበባችሁ 0.19 ዋት አገኛችሁ። ብዙ ዋት የሰጠው ሬዚስተር ሞተራችሁ የሚመቸውን ጭነት ይነግራችኋል። ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ ብዬ ልወቅስ ነበር፤ ነገር ግን ዙር ለመቁጠር ከስልክ የተሻለ ዕቃ በእጃችሁ የለም። ፍላይዊሉ ላይ ነጭ ነጥብ አድርጉና በስልኩ የዝግታ ቪዲዮ (ስሎው ሞሽን) ቀርጻችሁ ቁጠሩ።

እሳት ያቃጥላል እያልሁ ጊዜ አላጠፋም። ቦይለር፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ዝግ ዕቃ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የቲማቲም ወይም የቀለም ቆርቆሮ አፉን ዘግቶ እሳት ላይ መጣድ ፈጽሞ አይሆንም። በጎጃም አረቄ ሲወጣ አይታችኋል፤ እንፋሎቱ በቱቦው በኩል ወደ ቀዝቃዛው ዕቃ መውጫ ስላለው ግፊት አይጠራቀምም። የእናንተ ግን ሆን ተብሎ የታፈነ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 120 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ቱቦ፣ ጫፎቹ በብር ብየዳ የተዘጉ ይሁን። ተራው የሽቦ መበየጃ ስታኞ በ183 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ውሃው ካለቀ እሳቱ ያንን ወዲያው ያልፈዋል። ሴፍቲ ቫልቩ በ1.5 ባር ይከፈት። ከመጀመሪያው እሳት በፊት ቦይለሩን አየር ሳይቀር በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ በ3 ባር ፈትሹት። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ቢሰነጠቅ ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። በአየር የሚፈትን ሰው ቦምብ እየሠራ ነው።

«እኛ ደጋ ስለሆንን እንፋሎቱ ጉልበት የለውም» ሲባል እሰማለሁ። ባሕር ዳር ላይ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 አካባቢ መፍላቱ እውነት ነው። ሆኖም ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ 1 ባር የትም 1 ባር ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃም ያኔ ከ110 ዲግሪ በላይ ሞቋል። ሰበቡ ደጋው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቱቦው በጨርቅ ወይም በገመድ ስላልተጠቀለለ እንፋሎቱ ሲሊንደር ሳይደርስ ወደ ውሃነት ይመለሳል።

ለነዳጅ 96 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ። ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። ከሰል ይሞቃል፤ ግን ስትፈልጉ አይጠፋም። 150 ሚሊ ሊትር የባትሪ ውሃ (አሲድ የሌለበት የተጣራ ውሃ) ወይም የዝናብ ውሃ፣ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል። ይህ ልክ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ውሃው ሳያልቅ እሳቱ እንዲጠፋ ነው። ቦይለሩ ጢም ብሎ ከተሞላ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይተፋል፤ ፒስተኑም ተይዞ ይቆማል። የሲሊንደር ዘይት ወፍራም ይሁን፤ የስፌት መኪና ዘይት በእንፋሎት ታጥቦ ይሄዳል።

ከእሳቱ ሙቀት ወደ ሽቦው የሚደርሰው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ይህ እንፋሎት ያረጀ ነገር ነው ለማለት አይደለም። ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ላይ ተርባይን የሚያዞረው ውሃ ነው፤ ስኳር ፋብሪካዎች ግን የተጨመቀውን አገዳ አንድደው በእንፋሎት ተርባይን ያዞራሉ።

ሥራ ስትጨርሱ ቺንጋውን አውልቁ። ግፊቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ቦይለሩ ሳይቀዘቅዝ መሙያውን ክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቀዘቀዘ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሲሊንደሩን ዘይት ወደ ራሱ ይስባል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ውሃው አረፋ ይሠራል። የቀረውን ውሃ በልኬት ዕቃ ቀድታችሁ ስንት እንደቀነሰ ከዋቱ አጠገብ ጻፉት።