ቤት ውስጥ እሺ የሚል ድረ ገጽ

ይድረስ ድረ ገጽ መሥራት ለጀመራችሁ ልጆች፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ ስለምታቆሙት የመሞከሪያ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጽን ለጠያቂው ስለሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ማቆሙ ከባድ አይደለም፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ አምሮበት የነበረው ገጽ ሆስቲንግ (ለሕዝብ የሚያቀርበው የኪራይ ኮምፒውተር) ላይ ሲወጣ ሥዕሉ ይጠፋል፣ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ሰዓቱ ይዛባል። የቤት ሰርቨር አባባይ ነው፤ ያጠፋችሁትን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ስለዚህ ገና ከመነሻው እንዳያልፋችሁ አድርጋችሁ አቁሙት።

አተካከሉን በአጭሩ ልለፈው። ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ ዛምፕን እመርጥላችኋለሁ። ገጹን የሚያቀርበውን አፓቺ፣ መረጃውን የሚያስቀምጠውን ዳታቤዝ ማሪያዲቢን እና የፕሮግራም ቋንቋውን ፒኤችፒን በአንድ ጥቅል ይዞ ይመጣል። ወደ 150 ሜጋባይት ስለሆነ አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ብታስቀምጡት ለጓደኛም ይተርፋል፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የዛምፕ መቆጣጠሪያ መስኮት ላይ «ማይኤስኪውኤል» የሚል የሌላ ዳታቤዝ ስም ታያላችሁ፤ ከ2015 ጀምሮ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ስለሆነ ግር አይበላችሁ። ሲጫን ቦታ ይጠይቃችኋል፤ በቀጥታ ሲ ድራይቭ ሥር ይግባ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ካስገባችሁት ዊንዶውስ ያንን ፎልደር ስለሚጠብቀው ዛምፕ ፋይል መጻፍ ሲፈልግ ይከለከላል። ሥራችሁን ኤችቲዶክስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የራሱ ፎልደር ክፈቱለት። ከዚያ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት (የራሳችሁ ኮምፒውተር ማለት ነው)፣ እዝባር፣ የፎልደሩ ስም ብሎ መጻፍ ነው።

አፓቺ አልነሳም ካለ ዛምፕን ነቅላችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፖርት (ፕሮግራሞች ግንኙነት የሚቀበሉበት ባለ ቁጥር በር) 80 ወይም 443 ላይ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ተቀምጧል፤ 80 ላይ የዊንዶውስ የራሱ አይአይኤስ፣ 443 ላይ ደግሞ ቪኤምዌር የታወቁ ናቸው። መቆጣጠሪያው ላይ ኔትስታት የሚለውን ቁልፍ ብትጫኑ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፖርት እንደያዘ በስም ይዘረዝርላችኋል። የተያዘው 80 ከሆነና ያንን ፕሮግራም ማቆም ካልፈለጋችሁ፣ በአፓቺ መስመር ላይ ኮንፊግ የሚለውን ተጭናችሁ ዋናውን የማስተካከያ ፋይል ክፈቱ፤ «ሊስን» ከሚለው ቃል ጎን ያለውን 80 ወደ 8080 ቀይሩና አፓቺን አስነሡት። ከዚያ በኋላ አድራሻው ላይ ሎካልሆስት ካላችሁ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ 8080 መጻፍ አትርሱ። «ቀየርኩት፣ ግን አልከፍት አለኝ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቺን ረስቶ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። በፈረንጅ የተጻፉት መመሪያዎች የማይነግሯችሁ እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚጽፍበት አንዱ መንገድ ዩቲኤፍ 8 ይባላል፤ በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (ትንሽ የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ብቻ። ፒኤችፒ ርዝመት የሚለካበት የተለመደው ትእዛዝ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ሰላም» የምትለውን ቃል ስጡት፤ 9 ይላችኋል። ስሙ በ«ኤምቢ» የሚጀምረውን አቻውን ስትጠቀሙ ግን 3 ይላል። ነገሩ ተራ ይመስላል። የዜና መግቢያ በ100 ላይ እንዲቆረጥ ስታዙ ግን፣ ክፍተቱን ትተን፣ 33 ፊደል ወስዶ 34ኛውን ከሲሶው ላይ ይቆርጠዋል፤ መጨረሻው ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይቀራል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ስሕተት ዕድሜ ልኩን አያየውም። ስለዚህ የመሞከሪያ ጽሑፋችሁ ከመጀመሪያው ቀን አማርኛ ይሁን፤ ረጃጅም ስሞች፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ያሉበት።

ዳታቤዝ ስትከፍቱ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 አድርጉት። ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራው ላቲን 1 የሆነ ሠንጠረዥ ግዕዝን መያዝ አይችልም። ጥብቅ ሁነታ (ዳታቤዙ የማይስማማውን መረጃ አልቀበልም የሚልበት አሠራር) ከተከፈተ ስሕተት ብሎ ይጮኻል፤ ካልተከፈተ ግን እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ «ተመዝግቧል» ይላችኋል። ስለዚህ ጥብቅ ሁነታውን ክፈቱት፤ የሚጮኽ ሰርቨር ይሻላል።

የጥያቄ ምልክት ገጹ ላይ ካያችሁ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ከዛምፕ ጋር የሚመጣው የዳታቤዝ ማያ ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ገብታችሁ ያንኑ መስመር እዩ። እዚያ አማርኛው ደህና ከሆነ መረጃው አልጠፋም፤ በፒኤችፒና በዳታቤዙ መካከል ያለው ግንኙነት ነው ፊደሉን የማያውቀው፣ ግንኙነቱ እንደተከፈተ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ብላችሁ እዘዙት። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጠፍቷል፤ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) ካልሆነ አይመለስም። ሦስተኛ መልክም አለ፦ ጭረት የተደረገባት የላቲን «ኤ» እየተደጋገመች የምትታይበት ዝብርቅርቅ። ይህ እንዳያስደነግጣችሁ። በመደበኛው የግዕዝ ሠንጠረዥ ያለ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በላቲን ሲነበብ ያቺን «ኤ» ይሰጣል። ባይቱ አለ፣ ያነበበው ነው የተሳሳተው።

ፍለጋንም ፈትሹ። ለዳታቤዙ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንባቢው በየትኛው እንደሚጽፍ ስለማታውቁ፣ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ያመጣ ቅጂ በሌላ ዓምድ አስቀምጡና ፍለጋው በዚያ ላይ ይሂድ።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ መብራት ነው። ዳታቤዙ እየጻፈ መብራት እልም ሲል፣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ካልያዛችሁ፣ በማግስቱ ማይኤስኪውኤል «ሳይታሰብ ቆመ» ብሎ አልነሳም ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ ዛምፕን የሚነቅል ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ይቀብራል። በማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ «ዳታ» እና «ባክአፕ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ። ዳታን ሳትሰርዙ ስሙን ብቻ ቀይሩት፤ ባክአፕን ኮፒ አድርጋችሁ ቅጂውን «ዳታ» በሉት። ከዚያ ከአሮጌው ውስጥ የራሳችሁን ዳታቤዞች ፎልደሮች እና አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል ወደ አዲሱ መልሱ። አይቢዳታውን የረሳ ሰው የሠንጠረዦቹን ስም ያያል፣ ሲከፍታቸው ግን «የለም» ይሉታል። ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ማታ ማታ ዳታቤዙን በፒኤችፒማይአድሚን ኤክስፖርት አድርጎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ሁለት ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩን ከመዝጋታችሁ በፊትም ስቶፕ የሚለውን ተጫኑ።

ሥዕል የሚጠፋው በፊደል መጠን ነው። ዊንዶውስ በላቲን ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ አብዛኛው ሆስቲንግ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ካሜራው የፋይሉን ቅጥያ በትልቅ ፊደል ጽፎት እናንተ ኮዱ ላይ በትንሽ ከጠራችሁት፣ ቤት ይመጣል፣ እዚያ አይመጣም። የፋይል ስም ሁሉ በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይሁን። ከዚህ ወዲያ ሕግ አያስፈልገውም።

ሰዓቱ ደግሞ አስቂኝ ነው። ዛምፕ ጀርመን የተወለደ ስለሆነ የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይሉ ላይ የጊዜ ቀጠናው በርሊን ተብሎ ይመጣል። ገጻችሁ ከግድግዳችሁ ሰዓት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የአዲስ አበባውን ቀጠና ጻፉበትና አፓቺን አቁማችሁ እንደገና አስነሡ።

በስልክም ሞክሩት፤ አንባቢያችሁ አብዛኛው ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ስልኩና ኮምፒውተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን የኮምፒውተሩን ቁጥር ስልኩ ላይ ጻፉ። ካልከፈተ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለው ዘበኛ) ለአፓቺ እንዲፈቅድ አድርጉ፤ ለቤት ኔትወርክ ብቻ እንጂ ለካፌው አይደለም፣ ምክንያቱም ዛምፕ ሲመጣ የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም። ገጻችሁ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከተሠራ ጽሑፉ መጥቶ ሥዕሉና መልኩ ሊቀር ይችላል፤ አድራሻውን ሎካልሆስት ብሎ ስለመዘገበ ስልኩ ሥዕሉን ከራሱ ላይ ይፈልጋል ማለት ነው።

የቀረው ፍጥነት ነው። ከስልክ የወጣ 4 ሜጋባይት ፎቶ ከራሳችሁ ዲስክ ላይ በዓይን ጥቅሻ ይከፈታል። በሰከንድ 400 ኪሎቢት በሚያመጣ መስመር ላይ ግን ያው ፎቶ 80 ሰከንድ ይፈጃል። ክሮም ላይ ኤፍ12ን ተጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዱትና ገጹን እንደገና ክፈቱ። እስኪሞላ ድረስ ሌላ ነገር ሳትነኩ ጠብቁት።