«አይበላሽም» የተባለው መኪና ጣርማበር ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ነዋሪና መምህር ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ የከተማችን ሰው ያገለገለ የቤት መኪና በ1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ገዛሁ። ብራንዱ «አይበላሽም» የሚባልለት ነው። ሻጩም ደላላውም ደጋግመው የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ሻጩ በተለይ «ሞተሩ አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም» ብለውኛል። በሦስተኛው ሳምንት ደብረ ሲና ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ጣርማበር ዳገት ላይ ሙቀቱ ወጣና ቆመ። መካኒክ ሲያየው «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከዚህ በፊት ተከፍቶ የተገጠመ ነው፤ ጋስኬቱም (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል» አለኝ። በዚያው ቀን ለሻጩ ደወልኩ፤ በስልክም መልእክት ላክሁ። «ይህ መኪና እንዲህ አያደርግም፤ አነዳድህ ነው» አሉኝ። ውላችን ላይ «መኪናውን አይቼና አስፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል አለ። ይኸው ብራንድ ካላቸው ስድስት ሰዎች ተመሳሳይ ችግር እንደደረሰባቸው በጽሑፍ ሰብስቤአለሁ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? አምራቹንስ በማይገባው ስሙ መክሰስ ይቻላል? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው፤ ስም የሌለው ብራንድ ስለሆነ ፈራን።

መልስ፦ መምህር፣ ከሁሉ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ሞተሩን እንዳያስወርዱ። መካኒኩ «ቶሎ ካልሠራነው ይብሳል» ቢልዎትም ይቆይ። መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ ዋናው ምስክርዎ ነው። ተፈትቶ ከተጠገነ በኋላ ድሮ ምን እንደነበረ የሚናገረው የእርስዎና የመካኒኩ አፍ ብቻ ይሆናል።

የብራንዱን ስም ከደብዳቤዎ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ዋናው ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር፤ ሦስቱ ገጽ ስለ ብራንዱ ነው። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ይዘውት ፍርድ ቤት ቢሄዱም ዳኛው እንዲሁ ያሳጥሩብዎታል፤ በእኔ ትሕትና ግን አይሆንም።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ያገለገለ መኪና ገበያ እንደዚያ ነው። ስለዚህች አንዲት መኪና ይጠይቃሉ፤ ስለ ዘሯ ይመለስልዎታል። «ሞተሩ እንዴት ነው?» ሲሉ «ኧረ ይሄ እኮ እንትና ነው! ይሄ ይጠየቃል?» ይባላሉ። ያፍራሉ። ኮፈኑን ሳያስከፍቱ ይፈርማሉ። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ አፍሬ ፈርሜ አውቃለሁ፤ ጠበቃነቴ አላዳነኝም።

የሚገርመው ግን ስሙ ለሻጭ ሁለት ጊዜ መሥራቱ ነው። ሲሸጥ «አይበላሽም» ይላል። ሲበላሽ ደግሞ «እሱ አይበላሽም፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ» ይላል። ለእርስዎ የመጣው መልስ ይኸው ነው። እርስዎም ስሙን ይዘው ከተከራከሩ ሻጩ በሚያውቁት ሜዳ ላይ ነው የሚገጥሟቸው። ስለዚህ ስሙን ይተዉት። የሚከራከሩት ስለዚህች አንዲት ሻንሲ ቁጥር፣ ስለ እኚህ አንድ ሻጭና ስለ ተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዓረፍተ ነገሩም «ሞተሩ አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም» የሚለው ነው። «ምርጥ መኪና ነው» የገበያ ወሬ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። «ሞተሩ አልተነካም» ግን እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ በባለሙያ የሚረጋገጥ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 2289 ይዘረዝራል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ ይኖረዋል የተባለው ጠባይ ከጎደለው ዋስትናው ይሠራል።

«ለተለመደው አገልግሎት» የሚለውን ያዙልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለደብረ ብርሃን ሰው የተሸጠ መኪና የተለመደ አገልግሎቱ ምንድን ነው? ሻጩ «ዳገቱ ነው፣ ከፍታው ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ከዚያም በላይ ነው፤ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ግን ይወጣዋል! ከደብረ ሲና ወደ ላይ መውጣት ለሰሜን ሸዋ መኪና የመኪና ውድድር አይደለም፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ጤነኛ መኪና ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ መካኒክ የነገረኝን ልጨምር፤ ለባለሙያ ምስክርዎም ይጠቅማል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተር የወትሮ ሙቀት ደግሞ እዚያው ገደማ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ሁልጊዜ የማይፈላው ክዳኑ ጠብቆ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጋስኬቱ ከተበላ ግፊቱ ይሸሻል፤ ውሃው ይፈላል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ለወራት ጉዱን ደብቆ የሚሄድ ሞተር ጣርማበር ላይ የሚጋለጠው። ዳገቱ አላበላሸውም፤ አሳበቀበት እንጂ።

የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ያለውን አይተዋል? ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከለጠፈ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ፎቶ ያንሱት። በቴስታታው ዙሪያ ቅርብ ጊዜ የተቀባ ማጣበቂያ ካለ እሱንም። የብሎኖቹ ራስ ላይ የቁልፍ ጭረት ይታይ እንደሆነ በቅርብ ያንሱ። ኪሎ ሜትሩ 90 ሺህ እያለ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተልጦ ብረቱ ከወጣ እሱም ይናገራል። ፎቶው ላይ ቀን እንዲኖር ያድርጉ፤ ሁለት ሰዎችም አጠገብዎ ይቁሙ።

ወደሚያስፈራዎት አንቀጽ ልሂድ። «አይቼና አስፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚለውን ጸሐፊው ከድሮ ውል ላይ የገለበጠው ነው፤ ሁሉም የመኪና ውል ላይ አለ። ባዶ ቃል ግን አይደለም። ሕጉ ሻጭና ገዢ ዋስትናውን በስምምነት እንዲቀንሱ ወይም እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። አይቶ ሊያውቀው የሚችለውን ጉድለት ገዢ በኋላ ሊያነሳ አይችልም። የበሩ ጭረት፣ ያለቀ ጎማ፣ የማይሠራ ራዲዮ ቢሆን ኖሮ «ይርሱት» እልዎት ነበር። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቁ በተንኮል ደብቀውት ከሆነ ያ አንቀጽ አያድናቸውም። ሕጉ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ጉዳይዎ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል። ሻጩ ያውቁ ነበር ወይ?

የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ ነው። ቴስታታው የተከፈተው በእሳቸው እጅ እያለ ከሆነ የሠራው ጋራዥ አለ። ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፤ መካኒክ የከፈተውን ሞተር አይረሳም። ያንን ሰው ያግኙት። ከእሳቸው በፊት በነበረው ባለቤት ጊዜ ተከፍቶ ከሆነ ግን ሻጩም እንደ እርስዎ የተታለሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎ ላይ ሻጩን «አጭበርባሪ» ያሉበት ቦታ ትንሽ ፈጥኗል። ሊብሬው ላይ መኪናው መቼ ወደ ስማቸው እንደዞረ ይዩ።

በ«ተንኮል» ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅም ሌላ መንገድ ነው፤ አንቀጽ 1704 ላይ ያለው። እዚያም የሚፈለገው ያው ነው፦ ካላታለሉኝ አልዋዋልም ነበር ማለትና ማስረዳት። የደላላው ሽንገላ ብቻውን አይበቃም። ሻጩ የደላላውን ውሸት አውቀው የተጠቀሙበት መሆን አለበት። ፖሊስ ጋ መሄድን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል። በፍትሐ ብሔር ያላስረዱትን ግን በወንጀል ያስረዳልኛል ብለው አይጠብቁ፤ ወንጀል የበለጠ ማስረጃ ይፈልጋል። ለማስፈራሪያ ብሎ መክሰስ ደግሞ አልወድም።

አሁን ስለ ስድስቱ ባለመኪኖች። ድካምዎ ገብቶኛል፤ ቤት ለቤት ዞረው ነው ያስጻፉት። ግን የወይዘሮ እገሊት መኪና መሞቅ የእርስዎ መኪና ቴስታታ በማን ጊዜ እንደተከፈተ አያሳይም። ይባስ ብሎ የሻጩ ጠበቃ እኔ ብሆን ወረቀቱን ተቀብዬ «ይኸው፣ የዚህ ብራንድ ችግር በከተማው የታወቀ ነው፤ ገዢው እንዴት ሳያስመረምር ገዛ?» እላለሁ። መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

ሰው «አይበላሽም» ሲል ብዙ ጊዜ «ቢበላሽ ቶሎ ይሠራል» ማለቱ ነው። እኛ አገር ለአንዳንድ መኪኖች መለዋወጫ ዕቃቸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታቸዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አልክድም። ግን ከአለመበላሸት ጋር አንድ አይደለም። ስሙ የወጣው ደግሞ ቶዮታም ይሁን ሌላ ብዙ ሺህ መኪና ተደምሮ፣ ባብዛኛው በአዲስነታቸው፣ ዘይታቸው በጊዜው እየተቀየረ ነው። የእርስዎ መኪና ከስንት ባለቤት በኋላ ነው የመጣው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የመኪና ስም ግን ያልተቀየረ ዘይትን አይሸፍንም።

አምራቹን መክሰስ? አይሆንም። ከአምራቹ ጋር ውል የለዎትም። መልካም ስምም ለእርስዎ የተሰጠ ቃል አይደለም። በሕጋችን አንቀጽ 2085 አምራች ያመረተው ዕቃ በተለመደ አጠቃቀም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ፍሬን በፋብሪካ ጉድለት ከድቶ ሰው ቢጎዳ ለምሳሌ የሚነሳ ነው፤ ሌላ ሰው ከፍቶ የገጠመውን ሞተር አይመለከትም። ትልልቅ ስሞች በፍርድ አይነኩም ማለቴ እንዳይመስልዎት። ቶዮታ ከፍጥነት መስጫ ፔዳል ችግር ጋር በተያያዘ ለደንበኞቹ በሰጠው አሳሳች መረጃ ምክንያት በ2014 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የቮልስዋገን የናፍጣ ጭስ ማጭበርበር በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሁለቱም ላይ የተያዘው ግን የተወሰነ ሐሰተኛ መረጃ ነው። ስማቸው ትልቅ ነው ተብሎ የተከሰሰ የለም።

በሙሉው ደብዳቤዎ የሸማቾች አዋጅን ጠቅሰዋል፤ 813/2006ን። አዋጁ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ያስችላል። የሚሠራው ግን ከነጋዴ ለገዛ ሸማች ነው። የእርስዎ ሻጭ የግል መኪናቸውን የሸጡ ግለሰብ ናቸው፤ 15 ቀኑም አልፏል። እንለፈው።

ጊዜውን ግን አንለፈው። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጭ ማሳወቅ አለበት። እርስዎ በዚያው ቀን ደውለዋል፤ ጎበዝ። የስልክ መልእክቱን አያጥፉት፤ ስልክዎ ሳይጠፋ በወረቀት ያሳትሙት። ከዚያ ማስታወቂያ ቀን ጀምሮ ለክስ ያለዎት አንድ ዓመት ነው፤ አንቀጽ 2298። ለተንኮሉ ክስ ደግሞ ተንኮሉን ካወቁበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት አለ። እኔ ብሆን በአንዱ ዓመት እቆጥራለሁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ሽምግልናን ስለማውቅ ነው። ሽማግሌዎች ቢሞክሩ እደግፋለሁ፤ የአንድ ከተማ ሰዎች ናችሁ፣ ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። ግን «ከጥምቀት በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣ» እየተባለ ዓመቱ ያልቃል፤ ሽማግሌ ደግሞ ይርጋን (የክስ ጊዜ ገደቡን) አያቆምም። በሽምግልና ከተስማማችሁም በጽሑፍ ይሁን፤ የጥገናውን ወጪ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ እስከ መቼ እንደሚከፍል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ነገር ባብዛኛው የሚያልቀው ሻጭ የሞተር ማደሻውን ሙሉውን ወይም ግማሹን ከፍሎ ነው። ውሉ ፈርሶ 1 ሚሊዮን 850 ሺው እንዲመለስ ከፈለጉ ግን የሻጩን ማወቅ የሚያሳይ ምስክር ያስፈልግዎታል። እሱ ሳይገኝ ክስ አልከፍትልዎትም።

የባለቤትዎ ወንድም ብዙም አይፍራ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለው የነዳጅ መኪና ዋጋውም ስሙም ጣሪያ ነክቷል። ስም የሌለው አዲስ መኪና አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሻጩ በስም ሊሸፍንዎት ስለማይችል ወረቀት ለመስጠት ይገደዳል። ስለ ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ ጥገናው የት እንደሚሠራ በጽሑፍ ይቀበል። አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር ጎትቶ የሚያመጣው ማን እንደሆነም ይጻፍ። በብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚወርድ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳል» የሚለውን የደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ራሱ ነድቶ ይሞክረው።

ለእርስዎ በዚህ ሳምንት የሚቀርዎት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የተገዛበትን ቀን፣ የቆመበትን ቀንና ቦታ፣ መካኒኩ ያየውን፣ ሻጩ «አልተነካም» ያሉትን ይጻፉ። የብራንዱን ስም ከሊብሬው ላይ እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥቀሱ። ሁለት ምስክር ባለበት ለሻጩ ሰጥተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ከዚያ ቅጂውንና የዘይት ክዳኑን ፎቶ ይዘው ይምጡ፤ መኪናውን ግን እዚያው ጋራዡ ይተዉት።