ከመፈግፈጋችሁ በፊት አንብቡት፦ አሮጌ ድራም ለሚያድሱ ወጣቶች

ይድረስ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ለማደስ ለምትሞክሩ ወጣቶች፤

ከለገጣፎ ወደ ለገዳዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው አነስተኛ የጥገና ቤቴ በቅርቡ አንድ ወጣት በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን ዕቃ ታቅፎ በባጃጅ መጣ። «ጋሼ፣ ከቆራሌው በርካሽ ገዛሁት፤ ሉድዊግ ነው ይላል፤ አንጽቼ ልሸጠው እየሞከርኩ ነበር» አለኝ። ከረጢቱን ስፈታው ከላይና ከታች ዐሥር ዐሥር መወጠሪያ ብሎኖች የሚገቡበት፣ ስፋቱ 14 ኢንች፣ ጥልቀቱ 5 ኢንች የሆነ የብረት ስኔር (ከታችኛው ቆዳው ሥር ሽቦዎች ያሉት ትንሽ ድራም) ወጣ። ግማሽ ጎኑ በዘመናት አቧራና ጭስ ጠቁሯል፤ ሌላው ግማሽ ግን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ከመታሸቱ የተነሣ ክሮሙ በየቦታው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ፣ ከሥሩ ደብዛዛ ነጭ ብረት ይታያል። ልጁ የደከመበትን ሥራ እያየ ምስጋና ይጠብቅ ነበርና ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸገረኝ። ለእርሱ በዚያች ሰዓት በቅጡ ያልነገርኩትን ነው አሁን ለሁላችሁም የምጽፈው።

ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስኖር ያየሁት ትልቁ ጥፋት የመጣው ከዝገትም ከክረምትም አይደለም፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እጅ ከሚያርፍበት ነው። ስለዚህ አሮጌ ድራም ስታገኙ ለመጀመሪያው ቀን ውኃም፣ ሳሙናም፣ ብርጭቆ ወረቀትም አታቅርቡለት። የሚያስፈልጋችሁ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ትንሽ ማግኔትና ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። በስልካችሁ ከየአቅጣጫው፣ በተለይም ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሡት።

ማግኔቱን ከጎኑ አስጠጉት። ከያዘ ቀፎው፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበት የድራሙ አካል፣ ከተራ ብረት የተሠራ ነው። ካልያዘ ደግሞ ናስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላልና ሁለቱን የምትለዩት በዝገቱ ዓይነት ነው፤ ተራ ብረት ቀይ ዝገት ያወጣል፣ ናስ አረንጓዴ ይሆናል፣ አሉሚኒየም ግን ክሮሙን ከሥር እያሳበጠ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይተፋል። ያ ወጣት ያመጣው ስኔር ማግኔቱን አልያዘም፤ የተቀረፈው ቦታም ነጭ ሆኖ ነጭ ዱቄት ተፍቶ ነበር። ለእኔ ይህ ብቻ ግማሹን ታሪክ ነገረኝ፤ ምክንያቱም የቺካጎው የሉድዊግ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በኋላ «ሱፕራፎኒክ» የሚባለውን ስኔር ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠርቶ ክሮም ይቀባው ነበር። ክሮም ከአሉሚኒየም ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፤ ስለዚህ ያ ነቁጥ ነቁጥ ያለ መቀረፍ የባለቤቱ ግድየለሽነት ምልክት ሳይሆን የሥሪቱ ባሕርይ ነው። በዚህ ቅርፊት ላይ ሽቦ ስታሳርፉበት ያልተነሣው ክሮም አብሮ ይነሣል፤ የተነሣውም አይመለስም።

ቀጥሎ የስሙን ሰሌዳ ተመልከቱ፤ ነገር ግን አትንቀሉት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበረው የሉድዊግ ሰሌዳ በድንጋይ ቅስት አናት ላይ የሚሰካውን ድንጋይ ቅርጽ የያዘ ሲሆን፣ ቀጥሎ የመጣው ሰማያዊና የወይራ ቀለም ያለበት ነው። የዚህኛው ማዕዘኖች በ1970ዎቹ ሹል ነበሩ፤ ኋላ ግን ክብ ሆኑ። የተከታታይ ቁጥር መታተም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር የሌለው አሮጌ ሰሌዳ ስታዩ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በአንጻሩ ቁጥሩን ከኢንተርኔት ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሮ «ይህ የዚህ ዓመት፣ የዚህ ወር ነው» ብሎ መማልም ስሕተት ነው። በፋብሪካው ሰሌዳዎቹ የቁጥራቸው ተራ ሳይጠበቅ ከሣጥን እየተነሡ ይመቱ ስለነበር ቁጥሩ ግምት እንጂ የልደት ወረቀት አይሆንም። ሰሌዳውን ቀፎው ላይ የያዘው የአየር መተንፈሻው ቀዳዳ ቀለበት ነው፤ ያ ቀለበት ተነቅሎ የተመለሰ ከመሰላችሁ ሰሌዳው ከሌላ ድራም የመጣ ሊሆን እንደሚችል በደብተራችሁ ጻፉ።

ያረጀ ሁሉ የአሜሪካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓኖች የአሜሪካኖቹን መልክ እየተከተሉ በብዙ ዓይነት ስም የሸጧቸው ድራሞች አሉ፤ የእንጨቶቹም ቀፎ ብዙ ጊዜ ከቀላል የእስያ እንጨት የተሠራ ነው። የጀርመኑ ሶኖር እ.ኤ.አ. በ1875 የተቋቋመ ነው፤ የእንግሊዙ ፕሪሚየር ደግሞ በ1922 ለንደን ውስጥ ተጀመረ። ወደ እኛ አገር በሠራዊት ባንዶች፣ በቴያትር ቤቶችና በሆቴል የምሽት ባንዶች በኩል የገቡት መሣሪያዎች ከዚህም ከዚያም የተሰበሰቡ ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በሰዓት እላፊው ምክንያት የምሽቱ ሙዚቃ ሲዳከም፣ ኋላም ኪቦርድ የድራሙን ቦታ ሲወስድ፣ ብዙዎቹ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ተረሱ። በቆራሌው ጆንያ ውስጥ የምታገኟቸው እነዚያ ናቸው።

የእንጨት ድራም ሲያጋጥማችሁ ባትሪውን ወደ ውስጥ አብሩ። አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች፣ ሉድዊግም ጭምር፣ በቀፎው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተሠራበትን ቀን በቀለም ያትሙ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። በወጣትነቴ በአንድ ኦርኬስትራ የመሣሪያ ክፍል ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ አለቃዬን ለማስደሰት ብዬ አንድ የእንጨት ስኔር ውስጡን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። በቀይ የታተመ ነገር እንደነበረበት አይቻለሁ፤ ከጎኑም በእርሳስ የተጻፈ አንድ የአማርኛ መስመር ነበር፤ «ቆዳው በክረምት ላልቶ ተቀየረ» ይላል። ከእኔ በፊት የነበረ ጠጋኝ የተወልኝ መልእክት መሆኑን የተረዳሁት ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው። አለቃዬ በጽዳቴ አመሰገነኝ። ያ ድራም ዛሬ እጄ ቢገባ የትኛው ዓመት እንደተሠራ ልነግራችሁ አልችልም።

ወደ ጥገናው ልምጣ። ስትፈቱት የእያንዳንዱን መወጠሪያ ብሎን ቦታ በቁጥር ምልክት እያደረጋችሁ በየጣሳው አስቀምጡ፤ ሮንደላዎቹንም አትደባልቁ። አልፈታ ያለ ብሎን ካለ በፒንሳ አትታገሉት፤ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበትና አሳድሩት። በክሮም የተሸፈነ ተራ ብረት ላይ ያለ ቀይ ዝገት ቢያስቸግራችሁ፣ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ ውኃ አስነክታችሁ በቀስታ እሹት። አሉሚኒየሙ ከክሮሙ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ዝገቱን እንጂ ክሮሙን አይጭረውም። ይህ ዘዴ ግን ለብረት ቀለበቶችና ለብሎኖች ነው፤ እንደዚያ ወጣት ስኔር ክሮሙ ለተነሣ የአሉሚኒየም ቀፎ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። የብሎን መያዣዎቹ ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተቀለጡ ናቸውና ኮምጣጤ ውስጥ አትዘፍዝፏቸው፤ አሲድ ይበላቸዋል። በአሮጌዎቹ ውስጥ ትንሽ ጠምዛዛ ሞላ አለ፤ ድራሙ ሲመታ የሚንጫረረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ሞላውን አትጣሉት፤ ጥጥ ወይም ቁራጭ ፈልት አስደግፉት።

የእንጨቱ ቀፎ በዕንቁ መሳይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ ቲነርና አሴቶን ወደ አጠገቡ አታድርሱ። ከእነዚህ ሽፋኖች ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ናቸው፤ አሴቶን ያሟሟቸዋል፣ እሳትም በቶሎ ይይዛቸዋል። ጫፉ ከተነሣ በጥቂት ኮላ አጣብቃችሁ በጨርቅ ማሰሪያ አስራችሁ አሳድሩት እንጂ አትላጡት። ሽፋኑን ልጦ ቫርኒሽ መቀባት ለገዢ ዓይን ያምር ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ አልቀበልም።

ድምፁን የሚወስነው ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ነው። ወፍራም መስተዋት ወይም የተስተካከለ ዕብነ በረድ ላይ ቀፎውን ደፍታችሁ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ ከውስጥ ባትሪ አብሩ። ብርሃን የሚያመልጥበት ቦታ ጠርዙ የጎደለበት ነው። ከአንድ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ለኩና በሌላ አቅጣጫም ደግማችሁ ለኩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀፎው ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። ጠርዝ ማስተካከል የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ድራማችሁ ላይ አትሞክሩት።

ስለ ቆዳ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ያገዘኝ የራሳችን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድራሞች የሚለብሱት የጥጃ ቆዳ ነበር፤ የፕላስቲኩ ገበያ የጀመረው በዚያ ዐሥርት መጨረሻ ነው። ከአንድ ሟች ዕቃ ቤት የተረፈ የፕሪሚየር ስኔር ሲመጣልኝ አዲስ የፕላስቲክ ቆዳ ገዝቼ ልገጥም ብሞክር አልገባም አለኝ። ቀፎው አብጦ መስሎኝ ሁለት ቀን ስለካው ዋልኩ። ለካ ፕሪሚየር እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በራሱ ልክ ይሠራ ስለነበር የዛሬው መደበኛ ቆዳ ይጠብበታል። የማደርገው ሲጠፋኝ ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ከበሮ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። እርሳቸው ቀፎውን ዞር ዞር አድርገው ካዩ በኋላ «ይህማ ትንሽ ከበሮ ነው» አሉኝ። ከስድስት ሚሊ ፌሮ ቀለበት አስበየድኩ፤ እርሳቸው የዘፈዘፉትን የፍየል ቆዳ ጠጉሩን ገፈው፣ በእርጥቡ ቀለበቱ ላይ ጠቀለሉት። ድራሙ ላይ አስረን ብሎኑን በጣት ብቻ ጠበቅ አድርገን ጥላ ውስጥ አደረቅነው። ፀሐይ ላይ ላስጣው ብዬ ስነሣ «ቶሎ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል» ብለው ያስቀመጡኝ እርሳቸው ናቸው። ያ ድራም በበጋ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ በነሐሴ ዝናብ ግን ይላላልና ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሞቅ ያለ ቦታ ማዋል ይፈልጋል። ባለቤቱ ይህን ሳይነገረው ሸጬለት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት ተጣልተን ነበር።

ስትወጥሩ ተቃራኒ ተቃራኒውን ብሎን እየመረጣችሁ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ ሂዱ። ከታች ሽቦዎቹ የሚነኩት ቆዳ ስስ መሆን አለበት፤ የላይኛውን ዓይነት ወፍራም ቆዳ ከታች ካደረጋችሁ ስኔሩ ስኔር አይሆንም።

የዚያ ወጣት ሱፕራፎኒክ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ክሮም እናስቀባው ብሎ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ያልፈገፈገው ግማሽ እንዳለ ይኖራል፤ የፈገፈገውም እንዲሁ። ከላይኛዎቹ ዐሥር መወጠሪያ ብሎኖች አንዱ የለም። ምናለሽ ተራ ሄደን ያገኘነው ሁሉ በሚሊ ሜትር የተለካ ነበር፤ የአሜሪካኖቹ ግን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። ስድስት ሚሊው አይገባም፣ አምስት ሚሊው ይወላልቃል፤ በግድ ብናስገባው የመያዣውን ጥርስ ይበላዋል። በመጨረሻ ከዘጠኙ አንዱን ናሙና አድርገን ቶርኖ ቤት አስቀረጽነው። አዲሱ ብሎን ከሌሎቹ ትንሽ ይነጣል። ልጁ አሮጌ እንዲመስል ላጥቁረው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንደነጣ ተወውና ስትሸጠው በደረሰኙ ላይ «ዐሥረኛው ብሎን አዲስ ነው፤ የክሮሙን ግማሽ የፈገፈግኩት እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍ አልኩት። ጥቂት አሰበና እስክሪብቶ ጠየቀኝ።