ለትንሽ መዋኛ ገንዳ ስንት ክሎሪን ይበቃል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ክብ ገንዳ ነው። ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር። ስንት ክሎሪን ልጨምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ሊትሩን እናውጣ። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ በ0.6 ሲባዛ 5.4፣ ክብ ስለሆነ ደግሞ በ0.785፤ 4.24 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 4,240 ሊትር ገደማ። ጥልቀቱን ከውሃው ላይ መለካትዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የገንዳውን ቁመት ይወስድና ክሎሪን ያበዛል። ለ1,000 ሊትር 1 ግራም ንጹህ ክሎሪን ሲገባ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ይጨምራል። አሁን ዜሮ ከሆነና 2 ላይ ማድረስ ከፈለጉ 8.5 ግራም ይበቃል።

ጥያቄ፦ 8.5 ግራም ብቻ? እኔ ያለኝ 5 በመቶ በረኪና ነው።

መልስ፦ 8.5 የንጹሁ ልክ ነው። በ0.05 ያካፍሉት፤ 170 ሚሊ ሊትር ያህል በረኪና ይሆናል። 65 በመቶ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት (የክሎሪን ዱቄት) ቢሆን 13 ግራም። ሽቶ ያለበትን በረኪና ይተዉት። የቆየውም ኃይሉ ስለሚደክም፣ ከጨመሩ በኋላ በመመርመሪያ ወረቀት ሳይለኩ አይመኑት።

ጥያቄ፦ ጠዋት የጨመርኩት ከሰዓት በኋላ ይጠፋል!

መልስ፦ ፀሐይ እየበላው ነው። ማታ ማታ ይጨምሩ። ሲያኑሪክ አሲድ በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢኖር ክሎሪኑን ከፀሐይ ይከላከልለታል፤ ግን ሥራውንም ስለሚያዘገየው ያን ጊዜ ክሎሪኑ ከ2 አይውረድ።

ጥያቄ፦ ሽታው ከሩቅ ይጣራል፣ ዓይንም ያቃጥላል። በዛ ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አነሰ ማለት ነው። የሚሸተው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው (አዎ፣ ሽንት፤ ልጆቹን ብቻ አንውቀስ)። ነጻውን (ገና ከምንም ያልተዋሃደውን) እና አጠቃላዩን ክሎሪን ለየብቻ ይለኩ፤ ልዩነታቸው ክሎራሚኑ ነው። ፒኤቹንም (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ይዩ፤ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። 8 ካለፈ ክሎሪኑ አለ ቢባልም ጉልበት የለውም።

ጥያቄ፦ የፒኤች መቀነሻውን አሲድና ክሎሪኑን አንድ ባልዲ ውስጥ ልበጥብጠው?

መልስ፦ በፍጹም! መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አንዱን ጨምረው ውሃው በደንብ ከተዘዋወረ በኋላ ሌላውን። ዱቄቱንም ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ።

ጥያቄ፦ ለሕፃናት የሚነፋው ትንሹስ?

መልስ፦ ለእሱ ሂሳብ አያስፈልግም። ልጆቹ ሲወጡ ውሃውን ይድፉ፣ ገንዳውን አጥበው ያድርቁት።